ሃያ ኩንታል የሚጭን ፒካፕ የለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቢቸና ነው፤ እህል ነጋዴ ነኝ። አዲስ ደብል ጋቢና ፒካፕ ለመግዛት ገንዘብ አዘጋጅቻለሁ። በየሳምንቱ ከገጠር ቀበሌዎች ሃያ ኩንታል ያህል ጤፍ ሰብስቤ ደጀን አደርሳለሁ። በወር አንድ ጊዜ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ በበዓል ደግሞ ቤተሰቤን ይዤ ደብረ ማርቆስ ወላጆቼ ዘንድ እሄዳለሁ። የዓባይ በረሃን ዳገት አስቤ ባለ 2800 ሲሲ አውቶማቲክ ሃይሉክስ ልገዛ ነበር። ወንድሜ ርካሽ የቻይና ፒካፕ ግዛ ይለኛል። ጓደኛዬ ናፍጣ በሚጠፋበት አገር የኤሌክትሪክ ይሻላል ባይ ነው። ባሌስትራ ባስጨምር ጭነቱን ይችለዋል? ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ከሆነ ክረምት ከበጋ ገጠር ይገባልኛል? አዲስ መኪና እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ከ60 በላይ አይነዳም የሚባለውስ እውነት ነው?»

መልስ፦ በሃያው ኩንታል እጀምራለሁ፤ የቀሩት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከእሱ የሚመዘዙ ናቸውና።

ሃያ ኩንታል ሁለት ቶን ነው። ሁለት ቶን እንዲጭን ተብሎ የተሠራ የዚህ ዓይነት ፒካፕ፣ ሃይሉክስም ይሁን አይሱዙ ዲማክስ፣ ፎርድ ሬንጀርም ይሁን ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ የለም። ሁሉም የአንድ ቶን መኪኖች ናቸው፤ በዚያ አንድ ቶን ውስጥ ደግሞ የተሳፈረው ሰው አብሮ ይቆጠራል። ይህን ለማረጋገጥ ባለሙያ አያስፈልግዎትም። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በበሩ ምሰሶ ላይ፣ አለዚያም በሞተር ክፍሉ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ያገኛሉ። መኪናው ከነሰዉ ከነጭነቱ ሊደርስበት የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት በላይዋ ተጽፏል። በብዙዎቹ ባለ ደብል ጋቢና የናፍጣ ፒካፖች ይህ ቁጥር 3,000 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ባዶ መኪናው ራሱ 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከቀረው 1,000 ኪሎ ላይ እርስዎን፣ ረዳትዎንና አንድ ገበያተኛ ዘመድ ሲቀንሱ 200 ኪሎ ሄደ። የብረት ካጅ ካሠሩለት፣ ተጨማሪ ጎማና አንድ ጀሪካን ናፍጣ ከያዙ ሌላ 80 ኪሎ ሄደ። የቀረው ሰባት ኩንታል ነው። ሰባት! ነጠላ ጋቢና ቢሆን ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ሃያ አይደርስም።

«እኔ የማውቀው ሰው አሥራ አምስት ኩንታል እየጫነ ሦስት ዓመት ነድቶታል» የሚልዎት አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኔ በደንብ የማውቀው ግን አራተኛውን ዓመት ነው፤ መኪናው ወደ ጋራዥ የሚመጣው ያን ጊዜ ስለሆነ። አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ «ካሶኒው ይንጫጫል፣ ብሎኑን አጥብቅልኝ» ተብሎ የመጣ ፒካፕ ከስር ገብቼ አየሁ። ከጋቢናው ጀርባ፣ ካሶኒው ከሻንሲው (መኪናውን ከሚሸከመው የብረት አጽም) ጋር በሚታሰርበት ቦታ፣ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነበር። መስመሩን ተከትሎ የዛገ ውሃ እንደ እንባ ወርዶ ደርቋል። በመፍቻ ጫፍ ሳኳኳው ቀለሙ ተፈረፈረና ስንጥቁ የሻንሲውን ግማሽ ቁመት በልቶ አገኘሁት። ባለቤቱ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ዓባይ በረሃን ተመላልሶበት ነበር። ይህ የአንድ መኪና አጋጣሚ አይደለም፤ ከልክ በላይ የተጫነ ፒካፕ ሲሰነጠቅ በብዛት የሚሰነጠቀው እዚያው ነው። ጭነቱ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ሲያመዝን ካሶኒው ወደ ታች ይስባል፣ ጋቢናና ሞተሩ ከፊት ይጎትታሉ፣ ሻንሲው መሐል ላይ እንደ እንጨት ይጎብጣል። በኮረኮንች ላይ ይህን በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ያደርገዋል።

ባሌስትራ፣ ማለትም መኪናውን ከኋላ የሚሸከሙትን የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች፣ ማስጨመር ይህን አያድንም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። ተጨማሪ ቅጠል የሚያደርገው ነገር የመኪናውን መቀመጫ ከፍ ማድረግ ነው። ጭነቱን ዓይን እንዳያየው ይሸፍነዋል። ፍሬኑ ያው ፍሬን ነው፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማውና ሻንሲው እንደ ነበሩ ናቸው። በአንዳንድ ፒካፖች ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የኋላውን ፍሬን ኃይል የሚወስን፣ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው፤ መኪናው ሲጫንና ወደ ታች ሲቀመጥ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቅቃል። ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና ጭነት ይዞም ከፍ ብሎ ስለሚቆም ቫልቩ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ የኋላው ፍሬን ይደክማል፣ ፊተኛው ብቻውን ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል «ለመንገዱ» ብላችሁ የምትጨምሩ ሁሉ፣ የጨመራችሁት ቁመት እንጂ አቅም አለመሆኑን እወቁ።

እንግዲህ ምርጫዎ ሁለት ነው። ሃያው ኩንታል ዋናው እንጀራዎ ከሆነ የሚያስፈልግዎት ፒካፕ ሳይሆን እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያለ ቀላል የጭነት መኪና ነው። ሃያ ኩንታል ለእሱ ቀልድ ነው። በዓል ሲመጣ ቤተሰብዎ በአውቶቡስ ቢሄድ ምንም አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ፒካፑን ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለናሙናና ለትንንሽ ጭነት ገዝተው፣ ሃያውን ኩንታል በሳምንት አንድ ቀን አይሱዙ ተከራይተው ማጓጓዝ ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም። ፒካፑን ሦስት ጊዜ እያመላለሱ ሰባት ሰባት ኩንታል መጫን ይቻላል፤ ግን የናፍጣና የጎማውን ሒሳብ ቁጭ ብለው ሲያሰሉ የኪራዩ ዋጋ ይረክስብዎታል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውም እሱን መርጠዋል ብዬ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ዳገቱን አስበው 2800 ሲሲ መምረጥዎ የተለመደ ስህተት ነው። እርግጥ ነው፣ ከፍታ ሞተርን ያደክማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ቱርቦ የሌለው የድሮው የሃይሉክስ 5ኤል ሞተር ጥቁር ጭስ እያወጣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሲገፋ የምናውቀው ለዚህ ነው። የዛሬው ባለ ቱርቦ ሞተር ግን የሳሳውን አየር አጭቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ባለ 2400 ሲሲው የሃይሉክስ ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ በተፈቀደለት ጭነት ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ሳያቃስት ይወጣል። በ2800ው የሚያተርፉት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለእሱ ደግሞ በግዢም በናፍጣም በየጊዜው ይከፍሉበታል።

ዓባይ በረሃ መኪና የሚፈትነው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው። ከደጀንም ይነሡ ከጎሃ ጽዮን፣ ወደ ድልድዩ ሲወርዱ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ቁልቁለት ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚያርፈው ወይ ፍሬኑ ላይ ነው ወይ ሞተሩ ላይ። ሞተሩ ሙቀቱን በራዲያተር ያወጣዋል፤ የፍሬን ሸራ ግን ማብረጃ የለውም። ሸራው ሲግል መያዙን ይቀንሳል፣ ቀጥሎም የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይልማል፣ ከዚያ በኋላ ወለሉን ይነካል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየራል ስል «ሳይጎድል ለምን?» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። መልሱ ይኸው ነው፤ ስለጎደለ አይደለም፣ ውሃ ስለጠጣ ነው።

ለዚህም ነው ማንዋል ማርሽ የምመክርዎት። አውቶማቲክም ማርሽ መቀነሻ አለው፣ የሚያውቅበት ሾፌር በደንብ ይይዝበታል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው መምረጫውን «ዲ» ላይ ጥሎ በፍሬን ብቻ ነው የሚወርደው። ማንዋል ከሆነ በወጡበት ማርሽ ይወርዳሉ፤ የድሮ ሾፌሮች ሕግ ነው፣ አሁንም አላረጀም። ሌላው ምክንያት ጥገና ነው። ፍሪሲዮን መቀየር የሚችል ሰው በየወረዳው ከተማ አለ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚፈታ ግን ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል። ካምቢዮው ቢቸና ላይ ቢቆም መኪናውን በጭነት መኪና አስጭኖ ዓባይን ማሻገር ስንት እንደሚያስወጣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ወደ ናፍጣው። ይህን ጉዳይ በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ሐረግ ብቻ አልፈውታል፤ ለእኔ ግን ከሞተሩ መጠን በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በእኛ አካባቢ ማደያ ወረፋ የሚረዝምበት፣ አንዳንዴም ጭርሱኑ የሚደርቅበት ሳምንት አለ። ያን ጊዜ ሰው በጀሪካን ከመንገድ ዳር ይገዛል። የድሮው 5ኤል ይህን ይችል ነበር፤ ትንሽ ያስለውና ይሄዳል። የዛሬዎቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ግን ናፍጣውን ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የሚረጩ ናቸው። ለዚያ ግፊት ሲባል የፖምፓውና የኢንጄክተሩ ክፍሎች እርስ በርስ የተቀራረቡት በሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍልፋዮች ነው፤ የሚያለሰልሳቸውም ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ከገባ ማለስለሻው ይጠፋል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ፍቅፋቂው ከፖምፓው ተነሥቶ አራቱንም ኢንጄክተሮች ያዳርሳል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም የማለስለስ አቅሙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በጀሪካን አንድ ሺህ ብር አተረፍኩ ያለ ሰው አራት ኢንጄክተር ሲገዛ አይቻለሁ፤ የፊቱን ቀለም ባልነግርዎት ይሻላል።

መከላከያው ውድ አይደለም። የናፍጣ ፊልትሮው ከስሩ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩባያና የማፍሰሻ ብሎን አለው። በየሁለት ሳምንቱ፣ በጀሪካን ከቀዱ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ከስር ይዘው ብሎኑን ያላሉት፤ በላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ጥቂት ጊዜ ይጫኑት። የሚወጣውን ጠርሙሱ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያስቀምጡት። ናፍጣ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች እንደ አሬራ ደፍርሶ ይቀመጣል፣ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በግልጽ ይታያል። መስመር ከሌለ እሰየው። ካለ፣ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እስኪመጣ ድረስ ያፍስሱ፤ ያንን ናፍጣ የሸጠልዎትንም ሰው ያስታውሱ። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ከበራ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ እዚያው ቆመው ያፍስሱ።

ከናፍጣው ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሲገዙ መጠየቅ አለብዎት። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በግለሰብ የሚመጡ አንዳንድ ፒካፖች ለዩሮ 5 ወይም ለዩሮ 6 የጭስ ንጽሕና ደረጃ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ የጭስ ማውጫቸው ውስጥ ጥቀርሻ የሚያጠራቅም፣ ዲፒኤፍ የሚባል ማጣሪያ አላቸው፤ አንዳንዶቹም አድብሉ የሚባል የዩሪያ ፈሳሽ ለብቻው ይሞላላቸዋል። የተሠሩት ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ ከ10 የማይበልጥ ድኝ ላለው ናፍጣ ነው። እኛ ጋ የሚቀዳው ለዚህ የተዘጋጀ ስላልሆነ ማጣሪያው ይደፈናል፣ መኪናው ጉልበቱን ራሱ ቀንሶ በዝግታ ብቻ ይሄዳል። ፈሳሹንስ ቢቸና ላይ ከየት ያመጡታል? «ዲፒኤፍ አለው ወይ? አድብሉ ይፈልጋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ለአንዱ «አዎ» ካሉዎት፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ይለፉት። የአምራቹ ወኪል ለኢትዮጵያ ገበያ አስቦ ያስመጣው መኪና ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ የራቀ ነው። ከግለሰብ አስመጪ ይልቅ ወኪል የምመርጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ወንድምዎ ስለ ቻይና ፒካፕ ያሉት በጥሬው የሚጣል አይደለም። የቻይና መኪና ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውና የዛሬውም አይመሳሰሉም። ሻንሲያቸው ጠንካራ፣ ጋቢናቸው ከሃይሉክስ የተመቸ አሉ። መመዘኛው የትውልድ አገሩ ሳይሆን መለዋወጫው ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ይዘው ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ወዳሉ መለዋወጫ ሱቆች ይደውሉ። አምስት ነገር ይጠይቁ፤ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የፊት ፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታና የፊት መብራት። «አዲስ አበባ አዝዘን እናመጣለን» የሚል መልስ እንደ «የለም» ይቆጠር፤ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን «እናመጣለን» ማለት ቀን የሌለው ቀጠሮ ነው። ከአምስቱ አራቱን ያገኙበትን መኪና፣ የቻይናም ቢሆን፣ ይግዙ። በዚህ ፈተና ሃይሉክስ ሁልጊዜ ያልፋል፤ ዲማክስም ብዙ ጊዜ አያፍርም። ሁለቱ ሲሸጡም ዋጋቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ርካሹ ፒካፕ ሲገዛ ያተረፈልዎትን ሲሸጥ መልሶ ይወስደዋል።

የኤሌክትሪኩን ባጭሩ ላብራራ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የጓደኛዎን ሐሳብ አጠናክሮታል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ፣ ግቢው ውስጥ ጥሩ መስመር ያለው ሰው ቢጠይቀኝ «ግዛ» እለው ነበር። ለእርስዎ ግን አልልም። ከተራ የግድግዳ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ሳይቋረጥ። ጭነትና ዳገት ደግሞ በወረቀት የተጻፈውን ርቀት ይበሉታል። ቁልቁለት ላይ ባትሪውን መልሶ መሙላቱና ፍሬኑን ማዳኑ ለዓባይ በረሃ ግሩም ነገር ነው፣ አልክድም። ደጀንና ጎሃ ጽዮን ላይ ፈጣን ቻርጀር በተተከለ ዕለት ሐሳቤን እቀይራለሁ።

የፊትና የኋላ ጎማ የሚጎትት መኪና መግዛትዎን እደግፋለሁ፤ ክረምት ከበጋ ይገባልኛል የሚለውን ተስፋ ግን አልደግፍም። የቢቸና ዙሪያ ዋልካ ሲደርቅ አስፋልት ነው፣ ሲረጥብ ማጥ። ጭቃው የጎማውን ጥርስ በሁለት ዙር ይሞላዋል፣ ከዚያ አራቱም ጎማ እንደ ቅል ለስልሶ ይዞራል። አራት የሚንሸራተት ጎማ ከሁለት የሚንሸራተት ጎማ የሚለየው ይበልጥ ወደ ውስጥ አስገብቶ ስለሚያጣብቅዎት ነው። ጥርሱ ሰፋ ያለ ኤቲ ጎማ ይረዳል፤ ጭቃው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባትም ይረዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን መኪናውን ጠጠር መንገድ ላይ አቁመው እህሉ በአህያ ይምጣልዎት። አያቶቻችን የሚያውቁትን ሞተር አይሽረውም። አንድ ጥንቃቄ፦ የፊቱን ጎማ ማስጎተቻ በደረቅ አስፋልት ላይ አይጠቀሙ። በእነዚህ ፒካፖች የፊትና የኋላ አክስል በአንድነት ስለሚቆለፉ፣ ኩርባ ላይ የፊቱና የኋላው የሚሄዱት ርቀት ሲለያይ ልዩነቱን የሚበላው የማርሽ ጥርስ ይሆናል። ጠጠር ወይም ጭቃ ላይ በወር አንድ ጊዜ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ያስገቡት፤ ዘይቱ እንዲዳረስ።

ዋጋ አልጽፍልዎትም። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስትዎታል። የግዢውን ሥርዓት ግን ልብ ይበሉ። ወኪሉ ጋ ወረፋ ረዝሞብዎት ከመኪና ሻጭ ግቢ «ዜሮ ኪሎ ሜትር» የተባለውን ቢያዩ፣ ከመስማማትዎ በፊት የጎማውን ጎን ያንብቡ። ዶት (DOT) ከሚለው ምልክት ጫፍ ያሉት አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2321 ማለት በፈረንጆቹ 2021 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ሦስት ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ «አዲስ» መኪና ባትሪው፣ ጎማውና በታንከሩ ያለው ናፍጣ አዲስ አይደሉም፤ ዋጋውም እንደ አዲስ መሆን የለበትም። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ይጠይቁ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ብረቱ ላይ ካለው ጋር በዓይንዎ ያመሳክሩ። ዲክላራሲዮኑ «በሂደት ላይ ነው» ከተባሉ ቀብድም አይስጡ። ሽያጩ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈጸም።

ዋስትናውን ያንብቡት። ብዙውን ጊዜ በዓመት ወይም በኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው ያበቃል፤ ሰርቪሱ አምራቹ በፈቀደው ጋራዥ ካልተደረገም ይወድቃል። ከልክ በላይ መጫንም ያስቀረዋል፣ ባሌስትራ ማስጨመርም እንዲሁ። መድኑም ላይ ተመሳሳይ ነው፤ የሦስተኛ ወገኑ በሕግ ግዴታ ነው፣ ለአዲስ መኪና ግን ሙሉውን ይግቡ። የተለመደው ሙሉ መድን በግጭትና በሁከት የሚደርስ ጉዳትን ስለማይሸፍን፣ በዛሬው የአካባቢያችን ሁኔታ ለዚያ ተጨማሪ ሽፋን እንዲጻፍልዎት በስሙ ጠርተው ይጠይቁ። «ሁሉም አለበት» የሚል የቃል መልስ አይበቃም።

አያያዙን በተመለከተ አንድ ለነጋዴ የሚሆን ነገር አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ውቂያ ባለበት አካባቢ ሲመላለሱ የጤፍ እብቅ የራዲያተሩን ክንፍ ይደፍነዋል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ እብቁ የሚቀመጠው በአየር ማቀዝቀዣው ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መካከል ነው። የእጅ ባትሪ አብርተው ከላይ በኩል ወደ መካከሉ ይመልከቱ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በቀላል ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ያጥቡት፤ በመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ውሃ ከሆነ ግን ክንፉን አጣጥፎ ከእብቁ የባሰ ይደፍነዋል። የአየር ማጣሪያውንም በዚያ ወቅት በየሳምንቱ አውጥተው ከውስጥ ወደ ውጭ ያስነፉት። የሞተር ዘይት መጽሐፉ 10,000 ቢልም በእኛ አቧራ 5,000 ላይ ይቀይሩ። ከሻንሲው ስር የሚጋገረውን ዋልካ ክረምት ሲወጣ ያስጥቡ፤ እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላዋል።

ስለ 60 ኪሎ ሜትሩ የሚባለው ተረት ነው፤ ተረቱ ግን ከእውነት የተነሣ ነው። አምራቾች በብዛት የሚሉት በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን እንዳይዙ፣ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ደግሞ ነዳጅ እስከ ወለሉ እንዳይረግጡ፣ በጣም እንዳይፈጥኑና በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለረጅም ጊዜ እንዳይነዱ ነው። 5,000 ኪሎ ሜትር በ60 መጎተት ሞተሩን አይገራውም፣ ከኋላዎ ያለውን ሾፌር ግን ያናድደዋል። በመጀመሪያው 1,000 ላይ ከባድ ጭነትም አይጫኑበት።

እዚህ ላይ የእርስዎ መንገድ አንድ ፈተና ያመጣል። መኪናውን አዲስ አበባ ተረክበው ወደ ቢቸና ሲመለሱ ጎሃ ጽዮን የሚደርሱት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የፍሬን ሸራው ገና ከዲስኩ ጋር ሳይላመድ ዓባይ በረሃን ያገኘዋል ማለት ነው። ስለዚህ በጠዋት ይነሡ፣ ባዶውን ይንዱት፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ፣ ፍሬን ሲይዙም አጥብቀው ይዘው ይልቀቁ እንጂ እግርዎን አስደግፈው አይቆዩ። ከድልድዩ ወደ ደጀን በኩራር በኩል ሲወጡ ፍሬን የሚነኩበት ምክንያት የለም። ደጀን ሲደርሱ ቱርቦው እንዲበርድ ሞተሩን ሳያጠፉ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ወርደው በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ይዙሩ፣ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬው ጠጋ ያድርጉ። ከዳገቱ በኋላ አራቱም ቀዝቀዝ ያሉና የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ትኩስ ትንፋሽ ከላከብዎት ፍሬኑ እየያዘ ነው፤ የትኛው ጎማ እንደሆነና ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበሩ እዚያው ይጻፉና በዚያው ቀን ለሸጠልዎት ይደውሉ።